ዶሮም ከብት ናት!

በዚህ እትም "የኔ ሐሳብ" በሚለው ዓምድ ስለ ዶሮ ልጽፍ ነው። ገና ርዕሱን አይታችሁ የሳቃችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የክበባችን ልጆችም ስቀዋል። "ምነው ስለ ሀገር ጉዳይ አትጽፊም?" ያለኝም አለ። እኔ ግን እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ "አንተ የያዝከው ደብተርና እስክሪብቶ በምን ተገዛ? በእንቁላል አይደለም?" ዝም አለ። ስለዚህ ዶሮ የሀገር ጉዳይ ናት ማለት ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ ላስረዳ። በጎቻችን ሲከተቡ ዶሮዎቻችንም መከተብ አለባቸው። ይህን ደግሞ ማስጀመር የምንችለው እኛ ተማሪዎች ነን።

መንዝ ሲባል ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያስበው በግ ነው። ልክ ነው፤ ይህን ውርጭ የምንችለው በበግ ፀጉር በተሠራ ባና ነው። በግ ሲያስነጥስ ቤተሰቡ ሁሉ ይደነግጣል። የከብት ክትባት መጣ ሲባል አባቶቻችን በሌሊት ተነስተው እየነዱ ይሄዳሉ። አባቴን "ከብት ስንት አላችሁ?" ብላችሁ ብትጠይቁት፣ "ሁለት በሬ፣ አንድ ላም፣ አንድ አህያ፣ 16 በግ" ብሎ ያቆማል። ዶሮዎቹ እግሩ ሥር እየጫሩ እንኳ አይቆጥራቸውም። ዶሮ የእናትና የልጅ ናት እንጂ ከብት አይደለችማ! የምትታወሰው በዓል ሲደርስ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ግን ከ12 ብልቷ አንዱም አይረሳም።

ዶሮ ማርባት ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። የመጀመሪያው ፈተና ስጥ መጠበቅ ነው። ገብስ ሲሰጣ ጠባቂዋ እኔ ነኝ። መጽሐፌን ይዤ አርጩሜዬን አጠገቤ አድርጌ እቀመጣለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳነብ ቀይዋ ዶሮ በግራ በኩል ትመጣለች። እሷን ላባርር ስነሳ ገብስማው አውራ ዶሮ በቀኝ በኩል ይገባል። እሱን ሳሳድድ የቀሩት መሀሉን ይወርሩታል። ተመካክረው ነው የሚመጡት እላለሁ። "ዶሮ ብታልም ጥሬዋን" ይባላል፤ በሌሊት ብታልመው እኔ ምን ቸገረኝ? ችግሩ ቀን ቀን ሕልሟን በተግባር ስታውለው ነው።

ሁለተኛው ፈተና እንቁላል ፍለጋ ነው። እናቴ በአሮጌ ቅርጫት ገለባ ጎዝጉዛ ጥሩ መጣያ አዘጋጅታላቸዋለች። ቀይዋ ዶሮ ግን አይታው ታልፋለች። እሷ የምትወደው የገለባ ክምር ውስጥ፣ ከአጥር ሥር፣ ካልሆነም ከጎረቤት ጓሮ ነው። ከጣለች በኋላ ደግሞ ከቦታው ርቃ ሄዳ ነው "ቃ ቃ ቃ ቃቅ!" የምትለው። እናቴ "ተከተያት፣ የት እንደምትገባ እይ" ትለኛለች። እኔም እንደ ሰላይ ድምፄን አጥፍቼ እከተላለሁ። እሷ ዘወር ብላ ታየኛለች፤ ከዚያ ምንም እንደማታውቅ ሆና መሬት ትጭራለች። አንድ ጊዜ 9 እንቁላል ከጎረቤታችን ጓሮ ተገኘ። እትዬ "እኔ ግቢ የተጣለ የኔ ዶሮ ነው" አሉ። እናቴ "ቅርፊቱን እይው እንጂ፣ የኔ ቀይዋ ነው" አለች። እንቁላል ላይ ስም አይጻፍ! ጉዳዩ በሦስት ስኒ ቡና ታየና እኩል ይካፈሉ ተባለ። 9 ለሁለት አይካፈልምና አንዱ ለእኔ ተጠበሰ። ዳኝነት ማለት እንዲህ ነው።

ሦስተኛው ማቀፍ ነው። ዶሮ ጫጩት ለመፈልፈል 21 ቀን ታቅፋለች። በእነዚያ 21 ቀናት የቤቱ እመቤት እሷ ናት። በአጠገቧ ያለፈ ሁሉ እግሩ ይነከሳል። ችግሩ ሳትፈለግም ማቀፍ ያምራታል። እንቁላሉን ብትወስዱባት በባዶው ላይ ትተኛለች፤ ድንች ብታገኝ ድንቹን ታቅፋለች። ያን ጊዜ እናቴ ላባ በአፍንጫዋ ታስገባላታለች፣ ሌላ ቤት ወስዳ ታሳድራታለች። ሁለቱም እልኸኞች ስለሆኑ ማን እንደሚያሸንፍ መናገር ያስቸግራል።

አውራ ዶሮውን ደግሞ አታንሱብኝ። ቆጡ ከመኝታዬ በላይ ነው። ንጋት መሰለኝ ብሎ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይጮኻል፤ 10 ሰዓት ላይ ይደግማል፤ ለትምህርት ቤት መነሻዬ ሲደርስ ግን እሱ ተኝቷል። የቤት ሥራዬን ከቆጡ ሥር ካስቀመጥኩ ደግሞ በላዩ ላይ ማኅተም ያደርግበታል። መምህራችን ደብተሬን ገልጠው "ይህ ምንድን ነው?" ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ስቋል።

ከዚያ በኋላ ጠላቶች አሉ። ቀን ጭልፊት ነው። ጭልፊት ሲያንዣብብ እናት ዶሮ ድምፅ ታሰማለች፣ ጫጩቶቹ ክንፏ ሥር ይገባሉ፣ እኛ ልጆች ደግሞ ቆርቆሮ እየደበደብን እንጮኻለን። ሌሊት ሸለምጥማጥ ነው። እሱ የመጣ ቀን ቤቱ በሙሉ ይነሳል። አባቴ ዱላና ባትሪ ይዞ ይወጣል፣ ውሻችን ሌባው በሌለበት በኩል ይጮኻል፣ እናቴ "በዚህ! በዚህ!" ትላለች። ለነገሩ አንዳንድ ሰው በጓሳ ያለውን ቀይ ቀበሮም ዶሮ ሌባ አድርጎ ያማዋል። የእሱ ዋና ምግብ የጓሳ አይጥና ፍልፈል ነው፤ ስሙ በከንቱ ባይጠፋ ጥሩ ነው።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ያስቃል። ጭልፊት አንድ ጫጩት ይወስዳል፣ ሸለምጥማጥ አንድ ዶሮ ይወስዳል፤ ቤቱ አይጠፋም። የማያስቅ አንድ ጠላት ግን አለ። እሱም ፈንግል ነው።

ፈንግል በዓይን አይታይም። ቫይረስ ነው። ውሻ አይጮኽበትም፣ ቆርቆሮ ቢደበደብ አይሸሽም። ዶሮዋ መጀመሪያ ትቆዝማለች፣ ክንፏን ትጥላለች። ከዚያ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ኩሷ አረንጓዴ ይሆናል፣ አንዳንዷ አንገቷ ይጠመዘዛል። አንዷ ከታመመች ግቢው ሁሉ ይታመማል፤ ከዚያ ሰፈሩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ደግሞ ከፋሲካ ገበያ በኋላ፣ ክረምቱ ሲቃረብ ነው። በበዓል ሰሞን ዶሮ ከገበያ ገበያ፣ ከቀበሌ ቀበሌ ስለሚዘዋወር በሽታውም አብሮ ይዘዋወራል።

አምና እኛ ቤት 11 ዶሮዎች ነበሩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ 9ኙ አለቁ። ያች ተንኮለኛ ቀይ ዶሮም አብራ ሞተች። አያቴ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ በጥብጣ አጠጣቻቸው፣ አረቄም ጠብ አደረገችላቸው። አረቄ የጠጡትም ሞቱ፤ ልዩነቱ ሞቅ ብሏቸው መሞታቸው ነው። እስቲ በሂሳብ እንየው። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች ይባላል፤ መሀሉን 50 እንበል። ከሞቱት ውስጥ የሚጥሉት 5 ነበሩ። 5 ሲባዛ በ50፣ 250 እንቁላል ነው። በዛሬው የገበያ ዋጋ እናንተው አባዙት። ለእኛ ቤት ያ ሂሳብ የእኔ ደብተር፣ የታናሽ እህቴ ጫማ፣ የቤቱ ጨውና ጋዝ ነበር። እናቴ ከአባቴ ገንዘብ ሳትጠይቅ የምታዝበት ያ ብቻ ነው። ዶሮ ስትሞት የሚታመመው የእናቶች ኪስ ነው። ባለፈው መስከረም በየክፍሉ አሮጌ ደብተር ገልብጠው የሚጽፉትን ተማሪዎች ብትጠይቋቸው ስንቶቹ "ዶሮዎቻችን አልቀው" እንደሚሏችሁ ታያላችሁ።

ታዲያ ፈንግል መድኃኒት የለውም። ከታመመች በኋላ ማዳን አይቻልም። ክትባት ግን አለው። እዚሁ ሀገራችን፣ ቢሾፍቱ ከተማ ይመረታል። አሰጣጡ ደግሞ በጣም ቀላል ነው፤ በዶሮዋ ዓይን ላይ አንድ ጠብታ ማድረግ ነው። መርፌ እንኳ የማይፈልግ ዓይነት አለው። በዓመት ሦስት ጊዜ ያህል ሲደጋገም ይጠብቃቸዋል።

"ታዲያ ለምን አይከተቡም?" ትሉ ይሆናል። እኔ እንደተረዳሁት ዋናው ችግር ብልቃጡ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለ50 ዶሮና ከዚያ በላይ ነው የሚበቃው። ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ለነገ ተብሎ አይቀመጥም። እኛ ቤት ያሉት አሁን 6 ናቸው። ለ6 ዶሮ ሙሉ ብልቃጥ ማን ይገዛል? ማንስ የጤና ባለሙያ ለ6 ዶሮ ዳገት ይወጣል? የአንድ ቤት ዶሮ ጥቂት ነው፤ የአንድ ጎጥ ዶሮ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ለብቻ የማይቻለው በአንድ ላይ ይቻላል። ብልቃጡ ለሁሉም ሲካፈል የአንዷ ዶሮ ድርሻ ከአንድ እንቁላል ዋጋ ያነሰ ነው።

አብሮ መሥራት ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ጓሳን ጠብቀው ያቆዩልን አባቶች፣ እያንዳንዱ በፈለገው ቀን ሄዶ ሣሩን ቢያጭድ ኖሮ ዛሬ ጓሳ የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር። በስምምነት ይዘጉታል፣ ቀን ቆርጠው በስምምነት ይከፍቱታል። ለሣር ቀን የቆረጠ ሕዝብ ለዶሮ ቀን መቁረጥ ያቅተዋል? አያቅተውም።

ስለዚህ የምለው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የቤቱን ዶሮ ይቁጠር። ቀን ቀን ለመቁጠር አትድከሙ፣ እብድ ያደርጓችኋል፤ ማታ ቆጥ ላይ ሲወጡ ተሰልፈው ይጠብቋችኋል። ሁለተኛ፣ የክፍል አለቆች ቁጥሩን በየጎጡ ይመዝግቡ። ሦስተኛ፣ ክበባችን ጠቅላላ ድምሩን በሳይንስ መምህራችን አማካይነት ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያድርስ። አራተኛ፣ ቀን ይቆረጥ። ማረሻ የማይነሳበት የሚካኤል ወይም የማርያም ቀን ቢሆን ሰው ሁሉ ቤቱ ስለሚውል ይመቻል። ከፋሲካ ገበያ በፊት፣ በሑዳዴ ውስጥ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። በሑዳዴ እንቁላል ስለማይበላ ብዙ እናቶች ዶሮ የሚያሳቅፉት ያኔ ነው፤ ጫጩቶቹም ክፉው ጊዜ ሳይመጣ ይደረስላቸዋል። አምስተኛ፣ ዶሮዎቹን ሌሊት ከቆጥ ላይ አውርዳችሁ ቅርጫት ክደኑባቸው። ጧት እይዛለሁ ያለ ሰው እስከ እኩለ ቀን ኳስ ሲጫወት ይውላል፤ ኳሷም እሷ፣ በረኛዋም እሷ፣ የምታሸንፈውም እሷ ናት።

አንዳንድ ሰዎች የሚሉትን ሰምቻለሁ። "ክትባት ለፈረንጅ ዶሮ ነው፣ የሐበሻ ዶሮ ጠንካራ ናት" ይላሉ። ጠንካራ ከሆነች የኛዎቹ 9ኙ ምን ሆነው ሞቱ? "ዕድሏ ነው" የሚሉም አሉ። ታዲያ በሬ ሲታመም ለምን ዕድሉ ነው ብለን አንተወውም? "የታመመችውን ቶሎ ሸጦ መገላገል ነው" የሚሉም አይጠፉም። ይህ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። የሸጥናት በሽተኛ ዶሮ ሌላ እናት ቤት ገብታ ሌላ ተማሪ ደብተር ታሳጣለች። በሽታ የገባበት ቤት ዶሮ አይሽጥ፤ የሞተችውንም ለውሻ ሳይጥል ይቅበራት። ከገበያ አዲስ ዶሮ የገዛ ደግሞ ከሌሎቹ ሳይቀላቅል ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻ ያቆያት።

የተከበራችሁ መምህራን፣ እናንተንም አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በወላጆች ስብሰባ ቀን ስለ ውጤታችን ስትናገሩ ስለ ዶሮም አንድ ቃል ጣል አድርጉልን። አባቶች ከእኛ ይልቅ እናንተን ይሰማሉ። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ዛሬ ማታ ቆጣችሁን ቀና ብላችሁ እዩ፤ ቁጠሩ። ጭልፊት ሲመጣ ሁላችንም እንጮኻለን። ፈንግል ሲመጣ ግን ዝም እንላለን። ከዝምታው የሚያወጣን ይህ ቆጠራ ነው።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይባላል። እውነት ነው፤ ግን በእግሩ የሚሄደው የምታቅፈው እናት ስትኖር ነው።



ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል