ልጁ ለምን አይናገርም? ራጅ የሚያሳየውና የማያሳየው

በቤር ሼቫ ታሃና መርካዚት ጠዋት ጠዋት አግዳሚ ወንበሩ ላይ አረፍ የሚሉ አባቶችና እናቶች ወሬያቸው ብዙ ነው። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ቢቱአሕ ለኡሚ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ስለቀሩ ዘመዶች ይወራል። ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነሳም አንድ ጉዳይ አለ። «የልጄ ልጅ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን አፉን አልፈታም። ስሙን ብጠራው ዞር አይልም። ጭንቅላቱን በመሣሪያ አይተው ምንም የለውም አሉን። ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ግን እዚሁ ላይ ነው። አንዱ «ፎቶው ንጹሕ ነው» ብሎ ልጁን ይዞ ቤቱ ይገባል። ሌላው ደግሞ የኤም አር አይ ቶር እስኪደርሰው ወር ቆጥሮ ይጠብቃል፣ እስከዚያ ምንም አያደርግም። በሁለቱም መንገድ የሚጠፋው የልጁ ጊዜ ነው።

መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ ነው የሚሠራው፣ ጨረር የለውም። ሕፃን ልጅ እርግብግቢቱ ገና ስላልተዘጋ ሐኪሙ በዚያች ለስላሳ ቦታ በኩል አንጎሉን ማየት ይችላል። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት በተለይ ይሄ ይደረጋል። ሲቲ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ጨረር ስላለው ለልጅ የሚታዘዘው ሲያስፈልግ ብቻ ነው፣ ለምሳሌ ልጁ ወድቆ ራሱን ክፉኛ ሲመታ። ኤም አር አይ በማግኔት ይሠራል፣ ጨረር የለውም፣ አንጎልን ከሁሉም አጥርቶ ያሳያል። ችግሩ ልጁ ለረጅም ደቂቃ ሳይነቃነቅ መተኛት አለበት። ስለዚህ ትንንሾቹን ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ያስተኟቸዋል፤ ለዚህም ከምግብ መጾም ያስፈልጋል።

እነዚህ መሣሪያዎች የሚያሳዩት የአንጎልን ቅርፅ ነው። ደም የፈሰሰበትን፣ ውኃ የቋጠረውን፣ በወሊድ ጊዜ አየር አጥሮት የተጎዳውን፣ ሲፈጠር ቅርፁ የተለየውን ያሳያሉ። ኦቲዝምን ግን እስከ ዛሬ አንድም መሣሪያ በአንድ ልጅ ላይ ለይቶ ማሳየት አልቻለም። ኦቲዝም የሚታወቀው ልጁን በማየት፣ አብሮት በመጫወትና ወላጅን በመጠየቅ ነው። በእስራኤል ምርመራው እንዲጸና በልጆች እድገት፣ በልጆች ነርቭ ወይም በልጆች አእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም ያስፈልጋል፤ በተጨማሪ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይጠየቃል። ሐኪሙ ኤም አር አይ የሚያዘው ሌላ ምልክት ሲያይ ነው። ልጁ የሚጥል ሕመም ካለው፣ ጭንቅላቱ ከመጠን በላይ ካደገ ወይም ካነሰ፣ አንዱ ጎኑ ከደከመ፣ የለመደውን ነገር እየረሳ ከሄደ ማለት ነው።

እዚሁ በከተማችን የተሠራ አንድ ጥናት ይሄን በደንብ ያስረዳል። የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲና የሶሮካ ሆስፒታል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ብሬን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ነው። በኋላ ኦቲዝም የተገኘባቸውን ልጆች፣ ገና በእናታቸው ማሕፀን ሳሉ የተነሱትን አልትራሳውንድ ወደ ኋላ ሄደው ተመለከቱ። ከ100 ልጆች በ29 ገደማ ላይ በልብ፣ በኩላሊት፣ በራስ ወይም በሌላ የሰውነት ክፍል ያልተለመደ ነገር ታይቶ ነበር። ኦቲዝም በሌለባቸው ወንድምና እህቶቻቸው ላይ 16 ገደማ፣ በሌሎች ልጆች ላይ ደግሞ 10 ገደማ ነበር።

ቁጥሩን ከሁለቱም ወገን እናንብበው። ኦቲዝም ካለባቸው ከ100 ልጆች 70ዎቹ በማሕፀን ሳሉ ምንም ምልክት አልታየባቸውም። ስለዚህ «በእርግዝና ጊዜ ሁሉም ደህና ነው ተብሏል» ማለት ዋስትና አይሆንም። በሌላ በኩል፣ ምልክት ታይቶባቸው በጤና ያደጉ ልጆች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ነፍሰ ጡሯ አልትራሳውንድ ላይ አንድ ነገር ታየ ስትባል ልትደነግጥ አይገባም። ጥቅሙ ልጁ ከተወለደ በኋላ በቅርብ እንዲታይ ማስታወሻ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ እኛ ወደ ራሳችን እንምጣ። «በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» የሚሉ አባቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በእስራኤል የታተመ ጥናትም ኢትዮጵያ ተወልደው ከመጡ ልጆች መካከል በዚህ ችግር የተመዘገበ አላገኘም፤ እዚህ ከተወለዱት የቤተ እስራኤል ልጆች መካከል ግን ተገኝቷል። ይሁን እንጂ መዝገብ ላይ የሚገባው የተመረመረ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበት እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የተባለውን ማዕከል ሲከፍቱ፣ በየቤቱ ተደብቀው የነበሩ ልጆች ብቅ ማለት ጀመሩ። ልጆቹ ድሮም ነበሩ፤ ስም አልነበራቸውም እንጂ።

የስም ጉዳይ ደግሞ እኛን ያመናል። በአገር ቤት ቡዳ እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ በሰው ላይ የሚለጠፍ ስም ምን እንደሚያደርግ የሚነግረን አያስፈልግም። እዚህም ከመጣን በኋላ ልጆቻችን ከቁጥራቸው በላይ ወደ ልዩ ትምህርት ይላካሉ የሚለው ቅሬታ ለዓመታት ሲነሳ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የለገስነው ደም እንደሚደፋ ሲሰማም በሕክምናው ላይ የነበረን እምነት ተሰብሯል። ስለዚህ አንዲት እናት «ልጄን ወስደው ስም ይለጥፉበታል» ብላ ብትፈራ ፍርሃቷ ከባዶ የመጣ አይደለም።

ግን ሁለት ነገር መለየት አለበት። የሐኪም ምርመራ አንድ ነገር ነው፣ ልጁ የትኛው ትምህርት ቤት ይግባ የሚለው ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የተሻሻለው የልዩ ትምህርት ሕግ ልጁ በመደበኛ ክፍል ድጋፍ እየተደረገለት ይማር ወይስ በልዩ ትምህርት ቤት የሚለውን ወላጅ እንዲመርጥ መብት ሰጥቷል። ምርመራው ደግሞ ሕክምና ያስገኛል። ለእድገት መዘግየት የሚሰጠው ሕክምና በቁፓት ሆሊም በኩል እስከ 9 ዓመት ነው፤ ለኦቲዝም እስከ 18 ይዘልቃል። ስም ፈርቶ የሚደበቅ ቤተሰብ ከስሙ አያመልጥም። መንደሩ ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ ሕክምናው ብቻ ይቀርበታል።

ወረፋው ረጅም መሆኑ እውነት ነው። እስራኤል ከሕዝቧ ቁጥር አንጻር ያሏት የኤም አር አይ መሣሪያዎች ከበለጸጉት አገሮች አማካይ በታች ነው፤ ደቡብ ደግሞ ከመካከለኛው አገር የባሰ ይጠብቃል። ለልጆች እድገት ምርመራም እንዲሁ ነው። ሁሉም ወደ ሶሮካ ነው የሚያየው። ሶሮካ ደግሞ ሰኔ 19 ቀን 2025 በኢራን ሚሳይል ተመታ፤ ሕንፃው ቀደም ብሎ ባዶ በመደረጉ ሰው አልሞተም፣ ጉዳቱ ግን ከባድ ነበር። ለከተማዋ ሁለተኛ ሆስፒታል ይሠራል ከተባለ ዓመታት አልፈዋል። የማኅበረሰባችን ተወካዮች በከተማው ምክር ቤትም ሆነ በክኔሴት ይህን ደጋግመው መጠየቅ ይገባቸዋል።

እስከዚያ ቤተሰቡ ምን ያድርግ? ምልክቱን ይወቅ። ልጁ በ9 ወር ስሙ ሲጠራ ዞር ካላለ፣ በዓመቱ በጣቱ ካላሳየ ወይም እጁን ካላወዛወዘ፣ በ16 ወሩ አንድ ቃል ካልተናገረ፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል አገጣጥሞ ካልተናገረ፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ይናገር የነበረውን ካቆመ፣ አይጠበቅ። በመጀመሪያ መስማቱ ይመርመር። ከዚያ ከጢፓት ሐላቭ ነርስ ወይም ከልጆች ሐኪሙ ወደ ልጆች እድገት ማዕከል ሃፍናያ ይጠየቅ። ኤም አር አይ ከታዘዘም ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅ።

«አማርኛና ዕብራይስጥ ተቀላቅሎበት ነው» የሚባለውን ተዉት። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ዲዳ አያደርግም። ለልጅ ልጆቻችሁ በአማርኛ አውሯቸው። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ግን አንድ ነገር አስረዱ፦ በእኛ ባህል ልጅ በትልቅ ሰው ዓይን ላይ አያፈጥም፣ ዝምታም ጨዋነት ነው። መርማሪው ይህን ካላወቀ ጤነኛውን ልጅ እንደታመመ ሊያይ ይችላል። እኛም በበኩላችን የታመመውን «ጨዋ ነው» ብለን ልናልፈው እንችላለን። ልጁ ከእናቱ ጋር፣ ከእኩዮቹ ጋር እንዴት እንደሚጫወት ብትነግሯቸው ይሻላል። አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ጠይቁ፤ የጤና ሚኒስቴር የስልክ ትርጉም አገልግሎት አለው። ትልቁን ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉት።

ወጣት ወላጆች ከሐኪሙ በፊት የሚያማክሩት እናንተን ነው። «ቆይ፣ አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረ» ብትሏቸው ይቆያሉ። «ነገ ጠዋት ውሰዱት፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ» ብትሏቸው ይሄዳሉ። ከታሃና መርካዚት ሶሮካ በአውቶቡስ ጥቂት ደቂቃ ነው።