ረዳት ግሥን አትናቁ

እንግሊዝኛ ስንማር ብዙዎቻችን የምንደክመው ረጃጅም ቃላትን በመሸምደድ ነው። ይሁን እንጂ ደብዳቤያችንን የሚያበላሹት አብዛኛውን ጊዜ ታላላቆቹ ቃላት ሳይሆኑ፣ «ዲድ»፣ «ሃቭ»፣ «ሻል» የሚባሉት ትንንሾቹ ረዳት ግሦች ናቸው።

ምክንያቱን ከራሳችን ቋንቋ እናገኘዋለን። «አየሁት»፣ «አይቼዋለሁ»፣ «አየዋለሁ» ስንል ጊዜውን የምንለየው የግሡን መልክ በመለዋወጥ ነው። በ«አይቼዋለሁ» ውስጥ ያለው «አለሁ» ረዳት ቢሆንም፣ ከግሡ ጋር ተዋሕዶ ስለሚነገር አናስተውለውም። እንግሊዝኛ ግን ረዳቱን ለይቶ ከግሡ በፊት ያቆመዋል።

የአነጋገሩም ሥርዓት ይለያያል። እኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ብንል ነውር የለበትም። ይህንኑ ቃል በቃል ገልብጠን «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ያልን እንደሆነ ግን ስሕተት ነው። በ«ሃቭ» የሚነገረው ኀላፊ ካሁኑ ጊዜ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ትናንት ወይም ዓምና ተብሎ ጊዜው ተቆርጦ ሲነገር አይስማማውም። ትክክሉ «አይ ሶው ሂም የስተርደይ» ነው።

የ«ዲድ»ም ነገር እንዲሁ ነው። ኀላፊነቱን ረዳቱ ከተሸከመ ዋናው ግሥ ዳግመኛ አይሸከመውም። ስለዚህ «አይ ዲድ ኖት ጎ» እንጂ «አይ ዲድ ኖት ዌንት» አይባልም።

ይህ ሁሉ የአስተማሪ ጭቅጭቅ ነው የሚል አይጠፋም። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። አንድ ወጣት ገና በሥራው ላይ ሳለ፣ በማመልከቻው «አይ ዎርክድ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው ሥራውን የለቀቀ ይመስለዋል። «አይ ሃቭ ዎርክድ» ቢል ግን እስካሁን በቦታው መኖሩን ይረዳለታል።

በውል ላይማ ጉዳቱ ይብሳል። «ሻል ፔይ» ማለት መክፈል ግዴታው ነው ማለት ሲሆን፣ «መይ ፔይ» ግን ቢፈቅድ ሊከፍል ይችላል ማለት ነው። በሕግ አማርኛ የፊተኛው «ይከፍላል»፣ የኋለኛው «ሊከፍል ይችላል» ይባላል። ይህን ሳያስተውል የሚተረጉም ጸሐፊ ግዴታውን ወደ ፈቃድ ይለውጠዋል። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲታተም ኖሯል፤ ሁለቱ ቢለያዩም የአማርኛው የበላይ እንዲሆን የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ደንግጓል። ከውጭ አገር ሰው ጋር የምንዋዋልበት ወረቀት ግን እንዲህ ያለ ዋስትና ሁልጊዜ የለውም፤ በእንግሊዝኛ የተፈረመው ያስራል።

ስለዚህ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ሆይ፣ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ነገሩ አልቋል ወይስ እስከ ዛሬ ይቀጥላል? ጊዜው ተቆርጦ ተነግሯል ወይ? የተጻፈው ግዴታ ነው ወይስ ፈቃድ? ይህንንም በእንግሊዝኛው ሰዋስው ብቻ ሳይሆን በራሳችሁም ቋንቋ ተለማመዱት። «አየሁት» እና «አይቼዋለሁ» በምን እንደሚለያዩ በአማርኛ ማስረዳት የቻለ ሰው፣ የእንግሊዝኛው «ሃቭ» ብዙ አያስቸግረውም። የራሱን ቋንቋ ሳያስተውል የሰውን የሚያጠና ግን ሁለቱንም ሲያምታታ ይኖራል።