የሕዝብ እምነት በምን ይገኛል?

የመንግሥት ሥራ የሚጸናው በሠራዊት ብዛትና በሕግ ጽሕፈት ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ በሹማምንቱ ቃል ላይ ባለው እምነት ጭምር ነው እንጂ። ይህም እምነት በትእዛዝ የሚመጣ አይደለም። ባላገሩ በምርጫ ቀን ሳይመጣ ሲቀር፣ ወይም መጥቶ ድምፁን እንደ ግብር ከፍሎ ዝም ብሎ ሲመለስ፣ ብዙዎች «ገና አልሠለጠነም» ይሉታል። እኛ ግን ባላገሩ የማያምነው ስላላወቀ ሳይኾን ስላወቀ ነው እንላለን። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላልና።

ለዚህ ነገር የአርሲ አገር በቂ ምስክር ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. ከአዙሌ ጦርነት በኋላ አርሲ በኃይል ለማዕከላዊው መንግሥት በገባ ጊዜ፣ ከመሬቱ ብዙው ለመኳንንትና ለወታደር ተሰጠ፤ የአገሩም ሰው በአባቱ መሬት ላይ ገባርና ጭሰኛ ኾነ። ይህን አገዛዝ ቅኝ ግዛት ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም የሚሉም አሉ። ክርክሩን ለታሪክ ሊቃውንት ትተን፣ በአሰላ ደጋና ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚወርደው በኦጎልቾ ቈላ የነበረው አራሽ ስለ ምርጫ ምን እንደ ተማረ ብቻ እንመልከት።

በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ እንደራሴዎችን የሚመርጡለት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ በምስጢር ድምፅ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ተደረገ። ይህ ታላቅ ርምጃ እንደ ነበረ ልንክደው አይገባም። ነገር ግን ለመመረጥ የሚሻ ሰው በዚያው የምርጫ ወረዳ ባለንብረት ይኹን ተባለ፤ የፖለቲካ ማኅበር አልተፈቀደም፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎችም በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ። እንግዲህ ለጭሰኛው የመምረጥ በር ተከፈተለት፤ የመመረጡ በር ግን ጠበበበት።

በዚያው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. ጐረቤታችን ኬንያ በእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ሥር ሳለች፣ አፍሪካውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ስምንት እንደራሴዎችን እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው። ይኹን እንጂ መራጩ በትምህርቱና በሀብቱ እየተመዘነ፣ አንዱ አንድ ድምፅ ሲሰጥ ሌላው እስከ ሦስት ይሰጥ ነበር፤ የኪኩዩ ተወላጅም ለመንግሥት ታማኝ መኾኑ የተመሰከረበት ወረቀት ይጠየቅ ነበር። ቶም ምቦያና ባልንጀሮቹም በዚህ ምርጫ ተመርጠው ሳለ የሚኒስትርነትን ሹመት አንቀበልም፣ የመቀመጫችን ቍጥር ይጨመር አሉ። ገዥዎቹ «ቀስ በቀስ» ያሉት ቃል ለሕዝቡ «በጭራሽ» ኾኖ ተሰማው።

በእኛ አገር የባዕድ ገዥ አልነበረም፤ የነገሩ ፍሬ ግን ተመሳሰለ። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. ከስዊድን መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ተቋቋመ፤ ለትንንሽ አራሾችም ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ማደል ዠመረ። እህሉ በረከተ፤ መሬቱም ዋጋ አገኘ። ነገር ግን ባለርስቶች ትራክተር እየገዙ ራሳቸው ለማረስ ሲነሡ፣ ብዙ ጭሰኞች ከእርሻቸው ተነቀሉ። መንግሥት የባለርስትንና የጭሰኛን ውል የሚያስተካክል የሕግ ረቂቅ ለምክር ቤት ቢያቀርብም፣ ባለርስቶች የበረቱበት ያ ምክር ቤት እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ሳያጸድቀው ቀረ። ድምፁን የሰጠ ጭሰኛ ከድምፁ ያገኘው ይህን ነው። በመጨረሻም በምክር ክርክር ሊፈጸም ይችል የነበረው ጉዳይ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወታደሮች ባወጡት ዐዋጅ ተፈጸመ። መሬቱ ከባለርስት እጅ ወጣ፤ ሕዝቡም በዚያ ዐዋጅ ላይ ድምፁን አልተጠየቀም። በሕግ መንገድ የዘገየ ፍርድ በጕልበት መንገድ እንደሚመጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በጽሑፍ ይህን እንቅፋት አንሥቶታል፤ 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ይመርጣል፤ ለመመረጥም ንብረት አይጠየቅም። ነገር ግን በወረቀት የተከፈተ በር በጸሐፊ ቸልተኝነትና በሹም ማስፈራራት ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ በየወረዳው የተሾማችኹ ሹማምንት፣ ሕዝቡ እንዲያምናችኹ ከመጠየቃችኹ አስቀድሞ ሦስት ነገር ፈጽሙ። ተወዳዳሪው የእናንተ ወገን ባይኾንም ያለ መጉላላት ይመዝገብ። አቤት ባይ ቢመጣ ከምርጫው ቀን በፊት ይሰማ። ተመራጩም በምክር ቤት ስለ መረጡት ሰዎች ምን እንደ ተናገረና ምን እንዳስፈጸመ በየጊዜው በመካከላቸው ቆሞ ይንገራቸው።

ካህናትና ሽማግሌዎችም ሕዝቡን ወደ ምርጫ ሒድ ብላችኹ ስትመክሩ፣ ሹሙንም ቃልኽን ጠብቅ ብላችኹ ምከሩ። አንዱን መክሮ ሌላውን መተው የማስታረቅ ሥራ አይደለምና።