ስማችንን ከጤፋችን ጋር እንላከው

ከምሥራቅ ጎጃሟ አምበር ተጭኖ አባይን የተሻገረ ጤፍ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ሲራገፍ «የጎጃም ጤፍ» ይባላል። ማኛው ማኛ፣ ሰርገኛው ሰርገኛ ተብሎ ዋጋ ይቆረጥለታል። ማን አረሰው፣ ማን አበጥሮ አቀረበው፣ ከየትኛው ከተማ ተነሣ የሚለውን ግን የሚጠይቅ የለም። የሉማሜው፣ የቢቸናው፣ የደብረ ወርቁ፣ የሞጣው አንድ ላይ ይከመራል። እንጀራውን የበላ ሰው ይወደዋል፤ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ጤፍ ቢፈልግ ግን የት ብሎ ያገኘናል? በስም አያውቀንም።

ይህ መለወጥ አለበት፤ መለወጥም እንችላለን። ይህን ጥሪ የምጽፈው ለአምበር ነጋዴዎች፣ አርሶ አደሮች፣ መምህራንና ወጣቶች ነው። ከአምበር እስከ ቢቸና፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው መንገድ ላይ ሱቅ ለከፈታችሁ፣ ጋቢ ለምትሸምኑ፣ ማር ለምታቀርቡ፣ ሞሰብ ለምትሰፉ ሁሉ ነው። በየኪሳችን ያለውን ስልክ አንድ ላይ ሆነን ለሥራችን እናውለው። ቴሌግራሙ፣ ፌስቡኩ፣ ቲክቶኩ እስካሁን ብዙ ጊዜያችንን በልቷል። ስድብ አመላልሰንበታል፤ ጎረቤት ከጎረቤት የተቀያየመበት ቀን አለ። አሁን ደግሞ ገበያ ያምጣልን፤ ወዳጅም ያፍራልን።

አንዳንዱ «ይህ የከተማ ሰው ነገር ነው፤ የእኛ ሰው ስልክን ለቁም ነገር አያውለውም» ይላል። አልስማማም። በ2006 ዓ.ም. አርሶ አደሩ በነፃ ደውሎ የግብርና ምክር የሚሰማበት 8028 የሚባል የስልክ መስመር ሲከፈት ጥሪው በሚሊዮን ይቆጠር ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ዛሬ ተጠቃሚው ከ50 ሚሊዮን አልፏል። ሰዉ ቀድሞናል። የቀረው ያለውን እውቀት አሰባስቦ አንድ ሥራ ላይ ማዋል ነው።

የእህል ንግድ ድሮም የቆመው በትውውቅ ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን፣ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ከመምራታቸው በፊት፣ የአገራችንን የእህል ገበያ ለዓመታት አጥንተዋል። ጥናታቸው በዝርዝር ያሳየውን ነጋዴዎቻችን በኑሯቸው ያውቁታል። የክፍለ ሀገር ነጋዴ አይቶት ለማያውቀው ገዥ እህሉን የሚልከው አዲስ አበባ ያለውን ደላላ አምኖ ነው። ደላላውም የሚኖረው በስሙ ነው፤ አንድ ጊዜ ካጭበረበረ ነገ የሚደውልለት የለም። ሚዛኑም፣ ጥራቱም፣ ክፍያውም በቃል ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ምርት ገበያው ሲቋቋም ለቡናና ለሰሊጥ ብዙ ነገር ቀየረ። ጤፋችን ግን ዛሬም በአብዛኛው በዚያው በትውውቁ መንገድ ይሄዳል።

ደላላን ለመስደብ አይደለም ይህን የማነሣው። ደላላው ለዓመታት ያጠራቀመው ትልቅ ሀብት አለው፤ ሰው ያውቃል፣ ሰውም ያውቀዋል። እኛ ግን ያንን ሀብት ሙሉ በሙሉ ለእሱ ትተን የምናውቀው እሱን ብቻ ሆኗል። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቅ ነጋዴ ያ ሰው በነገረው ዋጋ ይሸጣል። አሥር ገዥ የሚያውቅ ግን ይጠይቃል፣ ያመዛዝናል፣ ካልተስማማው ነገ ይሸጣል። ትውውቃችንን እናስፋ የምለው ለዚህ ነው።

ከሩቅ ሰው ጋር መተዋወቅ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ሌላ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከሞጣ ወደ አባይ ወረድ ብሎ ሰባራ ድልድይ አለ። በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ነው ይባላል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ የጎጃምና የጎንደር ሰው እዚህና እዚያ ማዶ ቆሞ፣ ገመድ ወርውሮ፣ ተሻጋሪውን በክንዱ እየሳበ አሳለፈ። ገበያተኛው፣ ታማሚው፣ ለቅሶ ደራሹ ከወንዙ በላይ ተንጠልጥሎ ተሻገረ። በ1993 ዓ.ም. ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የእነዚህን ገመድ ሳቢዎች ፎቶ አወጣ። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ ፎቶውን አየና ዝም ብሎ ገጹን አልገለጠም። ሰው አሰባሰበ፣ ወደ አባይ መጣ፤ በ1994 ዓ.ም. ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ድልድዩ ተጠገነ። በዚያው ሰበብ የተቋቋመው ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለ ድርጅት ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ ሲሠራ ኖሯል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የሞጣ ሰው ስንፍና አልነበረበትም፤ በየቀኑ ሰው በክንዱ ያሻግር ነበር። ጉድለቱ ችግሩን የሚያውቁት በሁለቱ ማዶ ያሉት ብቻ መሆናቸው ነበር። አንድ ፎቶ ያንን ሰበረው። ፎቶው ልመና አልነበረም፤ ማንም እጁን አልዘረጋበትም። ሰዎች ሥራቸውን ሲሠሩ፣ እንዴት እንደሚደጋገፉ በግልጽ አሳየ፤ ያየው ሰው ደግሞ ከእነዚህ ሰዎች ጋር መሥራት ይቻላል ብሎ አመነ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ፎቶ ዓለም ዘንድ እንዲደርስ የውጭ መጽሔት ከነጋዜጠኛው አባይ በረሃ መውረድ ነበረበት። ዛሬ ካሜራው ሞጣ ላይ በሚማር ተማሪ ኪስ ውስጥ አለ። ታዲያ ምን እናሳይበት?

ሥራችንን እናሳይበት። ግን በየግል አይደለም፤ አንድ ነጋዴ ብቻውን ቢለጥፍ ከብዙ ሺህ ማስታወቂያ መሐል ይጠፋል። በየከተማችን አንድ የጋራ የቴሌግራም ቻናል እናቋቁም፤ አምበር የራሷ፣ ቢቸና የራሷ፣ ሞጣ የራሷ ይኑራት። አሠራሩን ከሌላ መማር አይጠበቅብንም፤ እቁብ እናውቃለን። እቁባችን ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ቃሉን የሰበረ የሚቀጣበት ደንብ አለው። ቻናሉም ይኸው ይኑረው። ዳኛው በገበያው የታመነ ሰው ይሁን፤ ጸሐፊው ደግሞ ስልክ የሚያውቅ ወጣት፣ እንስት ብትሆን እሰየው። የሚለጠፈውን ሁሉ ጸሐፊው ያያል፤ ዳኛው ያረጋግጣል። ያልታየ እህል አይለጠፍ።

የሚለጠፈው ነገር ሙሉ ይሁን። ጤፉ ማኛ ነው ሰርገኛ? ዘሩ ቁንጮ ከሆነ ቁንጮ ነው ይባል፤ ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በ1998 ዓ.ም. የለቀቀው ይህ ዘር በብዙ ገዥ ዘንድ ይታወቃል። ተበጥሯል ወይስ ገና ነው? ስንት ኩንታል አለ? የዛሬ ዋጋው ስንት ነው? ጭነቱ በማን ነው? ፎቶው በቀን ብርሃን፣ በእጅ መዳፍ ላይ ዘርጋ ተደርጎ ይነሣ፤ ከሌላ ቦታ የተወሰደ ምስል ፈጽሞ አይግባ። ዝናብ ነክቶት ከሆነ ዝናብ ነክቶታል በሉ። ጉድለቱን ራሱ የሚናገር ሻጭ ነው የሚታመነው፤ ያ ገዥ በሚቀጥለው ጊዜ ሳይጠራጠር ይደውላል። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት አንድ ጆንያ ከሄደ ደግሞ ዳኛው ያስመልስ፤ መመለሱንም በዚያው ቻናል ይናገር። አንድ ጆንያ መካስ የአንድ ከተማን ስም ከማጣት በጣም ይረክሳል።

ለጋቢው፣ ለሞሰቡ፣ ለማሩም እንዲሁ ነው። ሸማኔው ጋቢውን ብቻ ሳይሆን እጁን መወርወሪያው ላይ ያሳየን። ሞሰብ የምትሰፋው እናት ስፌቱን ስትጀምር እና ስትጨርስ በአጭር ቪዲዮ ትታይ። አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ያለ የአገር ልጅ የሚገዛው ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ ማን እንደሠራው ማወቅ ይፈልጋል። ሲጠይቅ ይመለስለት። ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ለጥፈን እንጠፋለን። «ዋጋ በውስጥ» ብሎ ዋጋ መደበቅም ይቅር። ኮሜንት ላይ የተጠየቀ ጥያቄ በዚያው ቀን ይመለስ፤ የሌለ ዕቃ ከተጠየቀም «እኔ ዘንድ የለም፣ እገሌ ዘንድ አለ» ይባል። ገዥን ወደ ጎረቤቱ የላከ ነጋዴ ነገ ጎረቤቱ ይልክለታል።

ስለ ጥንቃቄ ሳልናገር ባልፍ ይህ ጥሪ ጎደሎ ይሆናል። ዘመኑ ቀላል አይደለም። ለገንዘብ ሲባል ሰው የሚታገትበት ጊዜ ላይ ነን። ስለዚህ የሚታየው ዕቃችን ይሁን፤ ገንዘባችን፣ ቤታችን፣ ልጆቻችን አይታዩ። መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ በየት እንደሚያልፍ በቻናል አይነገር፤ ይህ በስልክ፣ በሚታመን ሰው መሐል ያልቃል። የክፍያ ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም፤ ገንዘቡ የራሳችሁ ሒሳብ ውስጥ መግባቱን ሳታዩ እህል አትጫኑ። ለማታውቁት ሰው ቅድሚያ ክፍያ አትላኩ፤ የይለፍ ቁጥር የሚጠይቅ ማንም ቢሆን ሌባ ነው። ወሬም ስድብም ወደ ቻናሉ አይግባ፤ የፖለቲካ ክርክር የሚፈልግ ሌላ ቦታ አለው።

ኔትወርክም ይጠፋል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ፌስቡክና ቴሌግራም በአገሪቱ ተገድበው ነበር፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋረጠና ብዙ ወር ቆየ። ደንበኛው ሁሉ ቴሌግራም ውስጥ ብቻ የነበረ ሰው ያኔ ብቻውን ቀረ። ስለዚህ የገዥዎቻችን ስምና ስልክ ቁጥር በደብተር ይጻፍ፤ ጸሐፊው በየወሩ ያድሰው። ኢንተርኔት ቢቋረጥ በድምፅና በአጭር መልእክት እንቀጥላለን። ቴሌግራሙ ሰውየውን ያስተዋውቀናል፤ ትውውቁን በሕይወት የምናቆየው ግን ደውለን፣ ለበዓል እንኳን አደረሰህ ብለን፣ ሲታመም ጠይቀን ነው።

ስማችንን ራሳችን ካልያዝነው ሌላ እንደሚይዘው ደግሞ ጤፍ ራሱ አስተምሮናል። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ አውሮፓ ውስጥ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ለዓመታት ይዞት ቆየ። በ2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን ዋጋ የለውም አለው፤ ፍርዱ አገር ውስጥ የተሰማውም አንድ ዲፕሎማታችን በትዊተር ሲያበስሩ ነበር። ሺህ ዓመት አርሰን፣ ጋግረን፣ በልተን የኖርንበት እህል የማን እንደሆነ በፍርድ ቤት መከራከሪያ ሆነ። ጤፋችን የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ በማን እጅ እንደሚበጠር በየቀኑ እንናገር። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት ለሐሜት ይሠራ ይሆናል፤ ለንግድ አይሠራም።

የተማራችሁ ልጆቻችን ሆይ፣ በተለይ እናንተን እጠራለሁ። ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሌላም ቦታ ተመርቃችሁ ቤት የተቀመጣችሁ ብዙ ናችሁ። ይህ ቻናል ያለ እናንተ አይቆምም። የአንድ ነጋዴን ሥራ ለሦስት ወር በአግባቡ ያስተዋወቀች የማርኬቲንግ ምሩቅ ለቀጣሪ የምታሳየው የሠራችው ሥራ አላት፤ ያንን በሊንክድኢን ገጿ ላይ ከነፎቶው ብታስቀምጥ «ሥራ ፈላጊ ነኝ» ከሚለው ጽሑፍ ይልቅ ይናገርላታል። የሒሳብ ባለሙያው የቻናሉን ደብተር ያስተካክል። የግብርና ባለሙያው ዘሩንና ጥራቱን ይመስክር። ሥራ ጠይቃችሁ ለምትጽፉለት ሰው መጀመሪያ ሥራውን አንብቡ፣ ስለ ሥራው ጠይቁ፤ ሲመልስላችሁ አመስግኑ። ባለሙያ ከባለሙያ የሚዛመደው እንዲህ ነው።

ከአገር ውጭና አዲስ አበባ ያላችሁ የምሥራቅ ጎጃም ልጆች ደግሞ ገንዘብ አንለምናችሁም። ሁለት ነገር አድርጉልን። ቻናሉን ለሚያምኗችሁ ሰዎች አሳውቁ፤ ከዚያ ደግሞ ገዝታችሁ ያያችሁትን በእውነት ጻፉ። ጥሩ ከሆነ ጥሩ፣ መጥፎ ከሆነ መጥፎ። ዳኛው ለመጥፎው የሚመልሰው ነገር ይኖረዋል።

ጋሼ፣ እትዬ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ የሚጠበቅ ነገር የለም። ኮሚቴ እስኪቋቋም፣ ሥልጠና እስኪመጣ፣ ባለሥልጣን መርቆ እስኪከፍት አንጠብቅ። በመጪው የገበያ ቀን፣ ገበያው ከተበተነ በኋላ፣ አምስት ነጋዴና አንድ ወጣት አንድ ሱቅ ውስጥ ተሰብሰቡ። ዳኛ ምረጡ፣ ጸሐፊ ሰይሙ፣ ደንቡን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ፈርሙ። ያላችሁን ጤፍ በመዳፋችሁ ይዛችሁ ፎቶ አንሡ፤ ዋጋውንና የከተማችሁን ስም ጻፉበት። ከዚያ ላኩት።