ባለቤቱ የተካደ ጦር

የሩሲያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰርጌይ ላቭሮቭ በመስከረም 2021 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ላይ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ የማሊ መንግሥት ከአንድ የሩሲያ የግል ወታደራዊ ኩባንያ ጋር መነጋገሩን አምነው፣ ጉዳዩ ግን መንግሥታቸውን እንደማይመለከት አስታወቁ። ይህ ኩባንያ፣ ዋግነር፣ ዛሬ በሌላ ቢተካም ይህ አባባል ሊመረመር ይገባዋል፤ የዘመኑ ጦርነት ከመንግሥታት እጅ ወጥቶ ወደ ኩባንያዎች ተሻግሯል የሚለው ትንታኔ ሳያውቀው የሚያስተጋባው ይህንኑ ነውና።

የሩሲያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 359 ቅጥረኛ ተዋጊነትን፣ ማለትም ለገንዘብ ሲሉ በሌሎች ጦርነት መሰለፍን፣ ይከለክላል። ሆኖም ቡድኑ ይሠለጥን የነበረው በሩሲያዋ ሞልኪኖ፣ ከወታደራዊው ስለላ ልዩ ብርጌድ ሰፈር አጠገብ ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ዲሚትሪ ኡትኪንም የዚያው ስለላ የቀድሞ መኮንን ነበር። የቀረውን ጥርጣሬ ያስወገዱት ራሳቸው ፕሬዚዳንት ፑቲን ናቸው፤ የቡድኑ መሪ የየቭጌኒ ፕሪጎዢን አመፅ በከሸፈ በቀናት ውስጥ፣ በሰኔ 2023፣ የቡድኑን ወጪ ሙሉ በሙሉ የሸፈነው መንግሥት እንደሆነ፣ በአንድ ዓመት ብቻም ለደመወዝና ለማበረታቻ ከ86 ቢሊዮን ሩብል በላይ እንደተከፈለ ተናገሩ። ይህ ሒሳብ የዩክሬንን ጦርነት እንጂ ማሊን አይነካም የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን መሪውና የሥልጠና ሰፈሩ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ያው ቡድን በዩክሬኗ ባክሙት የመንግሥት፣ በማሊዋ ባማኮ የግል የሚሆንበት ምክንያት ከቶ የለም።

የክህደቱ ጥቅም የሚታየው በሕግ ፊት ነው። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1986 በኒካራጓ ጉዳይ ባስቀመጠው የ«ውጤታማ ቁጥጥር» መመዘኛ መሠረት፣ መንግሥት ከጦሩ ውጭ ያሉ ታጣቂዎች በፈጸሙት ጥፋት የሚጠየቀው፣ ገንዘብ መስጠቱና ማስታጠቁ ብቻ ሳይሆን ጥፋቱ የተፈጸመበትን ዘመቻ መምራቱ ሲረጋገጥ ነው። የማሊ ወታደሮችና የውጭ ታጣቂዎች በመጋቢት 2022 በሞራ መንደር ቢያንስ 500 ሰዎችን እንደገደሉ ለማመን በቂ ምክንያት መኖሩን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት አስታውቋል፤ የማሊ መንግሥት ግን ሟቾቹ ታጣቂዎች ነበሩ ይላል። ባሏ የተገደለባት የሞራ ሴት በሞስኮ የተሰጠ የዘመቻ ትእዛዝ ካለ ማስረጃውን ከየት ታመጣለች?

ዋግነርን በ2025 በማሊ ሙሉ በሙሉ የተካው አፍሪካ ኮር ተጠሪነቱ በይፋ ለሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር በመሆኑ፣ የላቭሮቭ መከላከያ ከእንግዲህ አያገለግልም። ይህ ይፋዊ ባለቤትነት ግን የትናንቱን ደም ዕዳ ጭምር ይሸከም እንደሆነ፣ ወይስ ዕዳው ከቀድሞው ስም ጋር እንዲቀር ታስቦ የተደረገ ለውጥ ይሁን፣ ገና አልታወቀም።