ሰፍነጓ የኛ፣ ጥያቄው የነሱ

«ዳቦ በቸገረበት አገር የፕሮቲንን ጥንተ ታሪክ ማጥናት ቅንጦት ነው» የሚሉን አሉ። እስቲ ጥያቄውን መጀመሪያ እንስማው። ለየብቻቸው ይኖሩ የነበሩ ህዋሶች እንዴት ተሰባስበው አንድ እንስሳ ሆኑ? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባልን አድገናል፤ ድሩ በምን እንደተያያዘ ግን ማን ጠየቀ?

ለመጠየቅ ደግሞ ሀብታም መሆን አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1907 ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ሰፍነግን (የእቃ ማጠቢያውን ሳይሆን ውሃ ውስጥ የሚኖረውን እንስሳ) በስስ የሐር ጨርቅ ጨምቆ ህዋሶቹን በታተናቸው። የተበተኑት ህዋሶች ተሰባስበው ተጣበቁና መልሰው ሰፍነግ ሆኑ። ጨርቅና ውሃ፣ በቃ!

ከሱ በኋላ የመጡት ማጣበቂያውን ፈለጉ። አንዱ ካድሄሪን የሚባለው የፕሮቲን ቤተሰብ ነው። በ2003 እነ ኒኮል ኪንግ የካድሄሪንን ጂኖች ኮዋኖፍላጌሌት በተባሉ ነጠላ ህዋሶች ውስጥ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። እነዚህ ህዋሶች የእንስሳት የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ማጣበቂያው ከእንስሳት በፊት ነበረ ማለት ነው! በ1998 ደግሞ ከዚሁ ቤተሰብ የአንዱ ጂን ብልሽት በዘር የሚወረስ የጨጓራ ካንሰር እንደሚያመጣ በኒውዚላንድ ታውቋል። ታዲያ ቅንጦቱ የቱ ጋ ነው?

ወደ ቤታችን እንምጣ። በ1999 የኢጣሊያ ተመራማሪዎች ከጣና ሐይቅ የተገኘን፣ ሳይንስ የማያውቀውን ሰፍነግ «ማኬዲያ ታነንሲስ» ብለው ለዓለም አስተዋወቁ። ስሙን ልብ በሉ፤ ማክዳንም ጣናንም ይጠራል። በንግሥቲቱ ስንፎክር ከምናድረው ስንቶቻችን ይህችን ሰፍነግ ሰምተናል? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይሄ ነው።

ጣና ራቀን ካልን ገፈርሳ አለ፤ በአምቦ መንገድ፣ ቡራዩ አፍንጫ ስር። አዲስ አበባ ለአስርት ዓመታት የጠጣችው ውሃ ነው። ኮዋኖፍላጌሌቶች በባህርም ጨው በሌለው ውሃም ይኖራሉ። ፍለጋውን ለመጀመር ፈቃድ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃና ደህና ማይክሮስኮፕ ይበቃል።

«የፕሮቲን ማሽኑስ?» ትሉ ይሆናል። ውድ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን በ2010 የወጣውን የአንድ የባህር ሰፍነግ ሙሉ ጂኖም ኢንተርኔት ያገኘ ተማሪ ሁሉ በነጻ ከፍቶ ከሰው ጂን ጋር ሊያስተያየው ይችላል። እኛ ግን ተማሪውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሳለ ህዋስ እያስገለበጥን እናስመርቀዋለን፤ ከዚያ «ተመራማሪ ጠፋ» ብለን ስብሰባ እንጠራለን።

የቡራዩና የሰበታ የባዮሎጂ መምህራን ሆይ፣ ልጆቹን አንድ ቀን ውሃው ዳር ውሰዷቸው። ጨርቅ አላጣንም። ያጣነው «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ በእርዳታ የሚልክልን የለም።