ጠመንጃውን ማን ያዛል? ሲተኮስስ ማን ይጠየቃል?



በምርጫ ሰሞን ስለ ውሃ፣ ስለ መብራትና ስለ ኑሮ ውድነት መነጋገር የተለመደ ነው፤ እኛም አቋማችንን በሌሎች ገጾች አስፍረናል። እዚህ ግን ብዙ ሰው በሹክሹክታ እንጂ በአደባባይ የማያነሣውን ጉዳይ እናነሣለን። ልጆቻችንን ወደ ጦር ሜዳ የሚልከው ማን ነው? ጦርነቱ ካለቀ በኋላስ ተጠያቂው ማን ነው?

አንዳንዶች ይህን መጠየቅ ሠራዊቱን መድፈር ነው ይላሉ። እኛ አንስማማም። ወታደሩ ከእኛው ቤት የወጣ ልጅ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን፣ ለአገር ድንበር የቆሰለ ወታደር ጎዳና ላይ ወድቆ በየከተማችን አይተናል። ፖለቲከኞች ያጠፉትን ዕዳ የከፈለው እሱ ነበር።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ እንዲሆን ያዛል። በአንቀጽ 55 ደግሞ ጦርነት የማወጅን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል፤ የጸጥታ ኃይሎች ሰብዓዊ መብት ሲጥሱም ምክር ቤቱ አጣርቶ እርምጃ እንዲወስድ ያደርጋል። እንግዲህ የጎደለን ጽሑፍ አይደለም። ተግባሩን በሦስት ማስረጃ እንመርምር።

አንደኛ፣ ባድመ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ሲወስን፣ መንግሥት ውሳኔውን እንደ ድል ለሕዝብ አበሰረ። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2010 ዓ.ም.፣ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ መቀበሉን ያሳወቀው የገዥው ግንባር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ነው። ሰላሙን አንቃወምም። ግን ልጁን በባድመ የቀበረ አባት ይህን ከፓርቲ መግለጫ መስማት ነበረበት?

ሁለተኛ፣ ምርጫ 97። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የተፈጸመውን ግድያ እንዲያጣራ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አረጋገጠ። ለምክር ቤት የቀረበው ሪፖርት ግን የተወሰደው እርምጃ ተመጣጣኝ ነበር አለ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢና ምክትላቸው ከአገር ወጥተው አብላጫው አባል የወሰነው ተቃራኒውን እንደነበር ተናገሩ። ሟቾቹ ተቆጠሩ፤ የተኩሱን ትእዛዝ የሰጠው ግን ዳኛ ፊት አልቀረበም።

ሦስተኛ፣ ጥቅምት 2013 ዓ.ም.። በሰሜን ዕዝ ላይ ጥቃት ከተፈጸመ በኋላ መንግሥት የጀመረውን ዘመቻ «ሕግ ማስከበር» ብሎ ሰየመው። ስያሜ ተራ ነገር አይደለም፤ ጦርነት ነው ከተባለ በምክር ቤት መታወጅ ነበረበት። «ሕግ ማስከበር» የተባለው ሁለት ዓመት ፈጅቶ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ። በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ሰላማዊ ሰው ተገደለ፤ ሴቶች ተደፈሩ። በዕዙ የተጠቁት ወታደሮችም ሆኑ በየመንደሩ የተገደሉት ወገኖች እኩል ፍትሕ ይገባቸዋል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸድቋል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ፖሊሲ በራሱ ማንንም ችሎት አያቆምም።

«አገር አደጋ ላይ ስትሆን ክርክር ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉ አሉ። አደጋ ሲመጣ ፈጥኖ መከላከል እንደሚገባ እናምናለን። ሕገ መንግሥቱም ለዚህ የአስቸኳይ ጊዜ ሥርዓት አበጅቷል። ሆኖም ፈጥኖ መተኮስ አንድ ነገር ነው፤ ዓመታት ካለፉም በኋላ አለመጠየቅ ሌላ ነገር ነው።

«እናንተስ ብትመረጡ ምን ዋስትና አለን?» ብትሉን ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ሥልጣን እኛንም ይፈትናል። ስለዚህ እመኑን አንልም፤ በሕግ እሰሩን እንላለን። ከተመረጥን፦

1. ሠራዊት የሚሰማራበት ማንኛውም ሰፊ ዘመቻ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ለምክር ቤት ይቀርባል፤ የእያንዳንዱ ተወካይ ድምፅ በስሙ ተመዝግቦ ለሕዝብ ይገለጻል።
2. የአጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት ሳይቆረጥ፣ ሳይለወጥ ይታተማል፤ አባላቱም የሕግ ከለላ ይኖራቸዋል።
3. በሰላማዊ ሰው ላይ ወንጀል የፈጸመ በመደበኛ ፍርድ ቤት ይዳኛል፤ ተራው ወታደር ብቻ ሳይሆን ያዘዘው አዛዥና ባለሥልጣንም ይጠየቃል። የእኛ ፓርቲ አባል ቢሆንም።
4. የወደቀ ወታደር ቤተሰብ ሞቱን በወቅቱ እንዲያውቅ፣ የቆሰለውም ካሳውንና ጡረታውን ያለ ደጅ ጥናት እንዲያገኝ እናደርጋለን።

ውድ መራጮች፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያልተዳኘ በደል ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እጩዎች ወደ ሰፈራችሁ ሲመጡ፣ የእኛም እጩ ጭምር፣ አንድ ጥያቄ አቅርቡላቸው፦ «ልጄ ከዘመተ ድምፅህን የሰጠኸው ለምን እንደሆነ መጥተህ ትነግረኛለህ?» መልስ ለሌለው ድምፃችሁን አትስጡ።